የጎረሰው አፉ ውስጥ ነው

ክላሽ ካዝናው ከወጣ በኋላ ይተኩሳል? ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን አጋሮ፣ አንድ ቡና ሰብሳቢ ዘመዴ ቤት ተቀምጠን ይህችን ጥያቄ ጣል ባደርግ ከአቦል እስከ በረካ አከራከረችን። ሰባት ነበርን። አራቱ «በምኑ ይተኩሳል? ጥይቱ ያለው ካዝናው ውስጥ አይደል እንዴ?» አሉ። የቤቱ ጌታ ጋሼ ዝም ብለው ሲኒያቸውን ያሽከረክራሉ። መጋዘኑን የሚጠብቁት፣ ሰፈሩ ሁሉ «አሥር አለቃ» የሚላቸው የቀድሞ ወታደር ግን ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ገበታው ቢነሳ የጎረስከውን ማን ያወጣልሃል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህችን አባባል ያልነገርኩት ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። እቤቱ መሣሪያ ያለው ሰው ማወቅ የሚገባው ነገር ግማሹ እዚያች ንግግር ውስጥ አለ።

ቃሉን እስቲ አስተውሉት። እኛ ጠመንጃን እንደ ሰው «እናጎርሰዋለን»። 30 ጥይት የሚይዘው የክላሽ ካዝና ገበታው ነው እንበል። ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ ሲለቀቅ በካዝናው አናት ላይ ያለችውን ጥይት ገፍቶ፣ ከአፈሙዙ በስተኋላ ባለው ጉሮሮ ውስጥ ይከታታል። «አቀባበለ» የምንለውም ይህንኑ ነው፤ ገበታው ለጉሮሮው አቀበለ። አሁን ካዝናውን ብትነቅሉት 29ኙ አብረውት ይወጣሉ። አንዷ ግን ተጎርሳለች፤ የትም አትሄድም። የክላሽ ምላጭ ደግሞ ካዝና ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ከተሳበ ያችን አንዷን ይተኩሳታል።

ስለዚህ ጠመንጃ ባዶ የሚሆነው በሁለት እርምጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ደግሞ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ቢቻል ወደ አፈር ቁልል ይዞራል። ጣት ከምላጩ ይርቃል። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ ቀጥሎ ማቀባበያው ይሳብና የተጎረሰችው ካለች ትወጣለች፣ ከዚያ ጉሮሮው በዓይን ይታያል፣ ጨለማ ከሆነም በጣት ጫፍ ይዳሰሳል። ይህን የገለበጠ ሰው፣ ማቀባበያውን አስቀድሞ ካዝናውን ያስከተለ፣ አንዷን አውጥቶ ሌላዋን አጉርሷል። እሱ ግን በሙሉ ልቡ «ባዶ ነው» ብሎ ለእንግዳ ያቀብላል። የሚያስፈራኝ የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ የሚያውቀው ሰው አይደለም፤ ይኼኛው ነው።

በክላሹ ቀኝ ጎን ያለው ረጅም ብረት፣ ሴፍቲ የሚሉት፣ ወደ ላይ ሲሆን ምላጩን ይይዘዋል፤ ማቀባበያውም እስከ መጨረሻው እንዳይሳብ ያግደዋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጎረምሳ በጣቱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እንደ ቁልፍ አትቁጠሩት። ይህን ሁሉ ደግሞ ከጽሑፍ ብቻ አንብቦ የሚሞክር እንዳይኖር፤ እጁ የለመደ ሰው ጎናችሁ ቆሞ ያሳያችሁ።

አሁን ከሁሉ ወደሚያናድደኝ ቃል ልምጣ፤ «ባረቀ» ወደሚለው። ሲወለውለው ባረቀበት። ልጁ ሲነካካው ባረቀ። ከግድግዳ ሲያወርደው ባርቆ ሚስቱን መታት። ቃሉ የመብረቅ ዘመድ ነው፤ መብረቅ ደግሞ ከሰማይ ነው፣ ማንም አይጠየቅበትም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ባረቀ» ማለታችን ሐዘንተኛው ላይ ሌላ ሸክም ላለመጨመር እንደሆነ ይገባኛል፤ ደግነት ነው። ነገር ግን ብረት ዝም ብሎ አይባርቅም። አርጅቶ ወይም ተበላሽቶ በመውደቅ ብቻ የሚተኩስ መሣሪያ አለ፤ እሱም ቢሆን ካልጎረሰ የሚተፋው የለውም። ከእያንዳንዱ «ባረቀ» በፊት አንድ «አጎረሰ» አለ፤ ያጎረሰው ደግሞ ሰው ነው። ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ይቀጣል። ስለ መብረቅ የሚናገር አንቀጽ አላገኘሁበትም።

ጠመንጃን ራስጌ መስቀል ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስለ ውጅግራ ሳነብ ነው የተገለጠልኝ። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙን በአፋችን አሽተን አማርኛ አደረግነው። በዓድዋ ዘመን በአገሩ ሞልቶ ነበር። ታዲያ ውጅግራ አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። ተኩሶ ቀልሃውን ማውጣት፣ ከዝናር ሌላ መምዘዝ፣ አጉርሶ እንደገና መዝጋት ነው። ባለቤቱ እቤቱ ሲገባ ብረቱ ከግድግዳው ይሰቀላል፣ ጥይቱ ከነዝናሩ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። በእኔ ግምት አያቶቻችን «ጥይትና ጠመንጃ ይለያዩ» የሚል መመሪያ አላነበቡም፤ የመሣሪያው አሠራር ራሱ አለያየላቸው። ከዚያ ዘመን አለፈና ክላሽ መጣ፤ ገበታውን ሆዱ ላይ ተሸክሞ የሚኖር፣ አንዱን ተኩሶ ሌላውን ራሱ የሚጎርስ። ሚስማሩ ግን አልተቀየረም። ለውጅግራ በተመታው ሚስማር ላይ ክላሽ ሰቅለን ተኛን።

ጅማ ዙሪያ የመሣሪያው ነገር ከቡናው ጋር የተያያዘ ነው። አጋሮም ሂዱ ሊሙ ገነት፣ ጌራም ሂዱ ሰቃ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ለወራት ቤቱ ሁሉ ገንዘብ ነው። እሸት ቡና በጥሬ ብር ይገዛል፤ ጀንፈሉ በጆንያ ተደርድሮ ገበያ ይጠብቃል፤ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ሌሊት ሜዳ ላይ ያድራል። መሣሪያ ያለው ሰው ያኔ ያወርደዋል፤ መጋዘን ያለው ባለ መሣሪያ ዘበኛ ያቆማል፤ ሚሊሻው መሣሪያውን ይዞ እቤቱ ይገባል። ጠመንጃን ቃዌ ይሉታል በኦሮምኛ፤ በጅማ ገበያ ሁለቱንም ስም በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ትሰማላችሁ።

ሕጉን ቶሎ ብዬ ልለፈው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይባላል፤ ዋናው ተቆጣጣሪ የፌዴራል ፖሊስ ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃዱም የሰውየው ነው እንጂ የቤተሰቡ አይደለም፤ «የአባባ ነው፣ እኔም እይዘዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ያለው ሰው የዚህ ጽሑፍ ቀሪው ክፍል አይመለከተውም፤ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ይሂድ።

ሽጉጥስ? ሽጉጥ ስሙ ራሱ አቀማመጡን ያወጣበታል፤ የተሸጎጠ ነገር ነው። ትራስ ሥር፣ ፍራሽ መሐል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር። ባለቤቱ «የት እንዳለ ማንም አያውቅም» ይላል። አንሶላ የምትቀይረዋ ታውቃለች፤ ድብብቆሽ የሚጫወተውም ያውቃል። በአሜሪካ አትላንታ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመውታል። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ወንድ ልጆችን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት አድርገው ክፍል ውስጥ ተዉአቸውና በመስታወት ጀርባ ሆነው ተመለከቱ። በክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ተሸጉጧል። ከ29 ቡድን 21ዱ አገኙት። 16ቱ አንሥተው ያዙት። በ10ሩ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ምላጩን ሳበ። ካገኙት ልጆች ግማሽ ያህሉ አሻንጉሊት ይሁን እውነተኛ አልለዩትም። ሁሉን ትቼ የማስታውሰው ግን ይህን ነው፤ ሽጉጡን ከነካኩት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ አንድ ዓይነት ትምህርት የተሰጣቸው ነበሩ። እኛ «ልጆቼን መክሬአለሁ፣ አይነኩም» የምንለው ማለት ነው።

ምክር ካልበቃ የብረት ሣጥን ይቅደም። በአማርኛ የገንዘብ ሣጥኑም ካዝና ነው፣ የጥይት መያዣውም ካዝና ነው፤ ይህች መመሳሰል ደስ ትለኛለች፤ ካዝናው ካዝና ውስጥ ይግባ ብላችሁ ያዙት። ከውጭ የመጣ ውድ ሣጥን አያስፈልግም። ጅማ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ሁሉ ወፈር ካለ ላሜራ ረጅም ሣጥን ይሠራላችኋል፤ ከጀርባው በብሎን ከግድግዳው ምሰሶ ወይም ከወለሉ ሲሚንቶ ጋር ይታሰር፤ አለዚያ ሌባው ሣጥኑን ከነመሣሪያው ተሸክሞት ይሄዳል። የጅማ አናጢ እጁ የታወቀ ነው፣ ባለሦስት እግሩ በርጩማ ምስክር ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ሥራ እንጨት አልመርጥም። ጥይቱ በሌላ፣ በራሱ ጓጉንቸር በሚቆለፍ ትንሽ ሣጥን ይቀመጥ። እነዚህ ነገሮች እያንዳንዳቸው ዋጋ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል፤ መሣሪያው የተቆለፈበት፣ ጥይት ያልጎረሰበት፣ ጥይቱ ለብቻው የተቀመጠበትና የተቆለፈበት ቤት ውስጥ ልጆችና ወጣቶች በመሣሪያ የሚጎዱት ባነሰ ቁጥር ነው። ስዊዘርላንድ እንኳን፣ ወታደሩ ጠመንጃውን ይዞ እቤቱ የሚገባባት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የጦሩን ጥይት ከቤት ወደ ግምጃ ቤት ለመመለስ ወሰነች።

ሣጥኑ እስኪሠራ ድረስ የሞተር ብስክሌት ማሰሪያ የሽቦ ቁልፍ ያገለግላል። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ ይያዝና ሽቦው ቀልሃ በሚወጣበት ቀዳዳ ገብቶ ካዝናው በሚሰካበት በኩል ይወጣል፤ ከዚያ ይቆለፋል። ጉሮሮው ላይ ሽቦ የተሻገረበት ጠመንጃ መጉረስ አይችልም። ሽቦውን ምላጩ ዙሪያ ብቻ ከማሰር ይህ በጣም ይሻላል። ቁልፉስ? ሣጥኑ አጠገብ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ ያው እንዳልተቆለፈ ነው። አሥር አለቃ የእሳቸውን በማተብ ክር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ገላቸውን ሲታጠቡም አያወልቁትም ይባላል፤ ይህን ለማረጋገጥ አልሞከርኩም።

ስለ እርጥበት ለቡና ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ጆንያውን ከመሬት አንሥቶ በርብራብ ላይ የሚደረድር፣ ከግድግዳ የሚያርቅ፣ የደረቀ ቡና ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት እንዲይዝ የሚጨነቅ ያው ሰው ጠመንጃውን በፌስታል ጠቅልሎ ጭቃ ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል! የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ የቆዳ አፎትም ውሎ ሲያድር ላብ እንደያዘ ልብስ ነው፣ ብረቱን ያዝገዋል። በስሱ ዘይት የተቀባ ብረት፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይበቃዋል። ዘይቱን ግን ከመጋዘኑ አርቁት፤ ቡና የሰማውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፣ ቀማሹም ያውቅበታል። ደግሞ ልብ በሉ፣ «ሲወለውል ባረቀበት» የሚባለው ሰው መወልወል የጀመረው ባዶነቱን ሳያይ ነው። ጥይት ከመወልወያው ጨርቅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

አሁን ጋሼ በረካው ላይ ያነሡትን ጥያቄ ላንሣ። «እሺ፣ ቆለፍኩት። ጥይቱንም ለየሁት። ሌባ ሲመጣ ‹ቆይ አንዴ ሁለት ቁልፍ ልክፈት› ልበለው?» ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም።

ለአደጋ መዘጋጀት ማለት ጊዜ ማግኘት ነው፤ ጊዜ ደግሞ ከጠመንጃው አይገኝም። ከውሻው ይገኛል። ከቆርቆሮው አጥር፣ ከበሩ መቀርቀሪያ፣ ከደጁ መብራት ይገኛል። ሌባ ውሻውን አልፎ፣ አጥሩን ዘሎ፣ በሩን ገንጥሎ እስኪገባ ያለው ደቂቃ ነው ቁልፉን የሚከፍትላችሁ። በሩ በአንድ ርግጫ የሚከፈት ሰው ሳንቲሙን ጥይት ላይ ከሚያወጣ መጀመሪያ ለበሩ ብረት ያሠራ። ከዚያ ደግሞ ኡኡታ አለ! በእኛ አገር አንድ ኡኡ ሃያ ሰው በዱላ ያወጣል። ከዱላው ቀድሞ ስልክ፣ ከስልኩ ቀድሞ ኡኡታ፤ ልጆቹ ወደ አንድ ክፍል፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋ። መሣሪያው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከዚያ በር በስተውስጥ፣ የመጨረሻው ነው። ሰብሳቢው ብሩን እቤት ባያሳድር ደግሞ ሌባው መጀመሪያም የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል።

ስለ ጨለማው ላንሣላችሁ። በእኛ ግቢ ሽንት ቤቱ ከቤቱ ርቆ፣ አጥር ጥግ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ጥላ ማን ነው? ከሁሉ በፊት ልጅህ ነው። ወይም አምሽቶ አጥር የዘለለ ወንድምህ፣ ከገጠር መሽቶበት የመጣ ዘመድ፣ ለቀማ ለመሥራት የተጠጋ የቀን ሠራተኛ። ጅማ ላይ ደግሞ ጅብም ነው። «ማነህ?» ሳይባልና መብራት ሳይበራበት ወደ ጥላ የሚተኮስ ጥይት ስም አያውቅም። ጥላውን ቢስት ደግሞ የሚያቆመው የለም፤ የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል፣ ጭቃና ጭድ ለእሱ ወረቀት ነው። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ልጆች ተኝተዋል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የማይቀር ሲሆን፣ ሌላ ማምለጫ ሲጠፋ፣ መልሱም ከጥቃቱ ሳይበልጥ። አንቀጽ 79 ከልክ ያለፈውን ይመለከታል። ጆንያ ተሸክሞ የሚሸሽ ሌባ ጀርባውን ሰጥቷል። የአንድ ጆንያ ቡና ዋጋ ይታወቃል፤ የእስር ቤቱ ዘመን ግን በኪሎ አይመዘንም።  

መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍባቸው ዘበኞች ያልተነገረ ነገር አለ። የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ተረኛ ሲያስረክብ ሁለቱም እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሊተኛ፣ አንዱ ገና ሊነቃ። አሥር አለቃ ባስለመዱት ሥርዓት ሰጪው ጥይቱን አውጥቶ ያሳያል፣ ተቀባዩ ራሱ እንደገና አይቶ ይቀበላል፤ «አይቼዋለሁ» የሚለውን ቃል አይቀበሉም። ተቀባዩ ቢሰደብም ያያል። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሱትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፤ የወጣው ሁሉ ይወርዳል፣ ሰማይ ቤት የቀረ ጥይት የለም።

አንዳንዴ ጠላቱ ከደጅ አይመጣም። ጠጁ በርክቶ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ ዋጋ ወድቆበት ብድር የከበደው ነጋዴ፣ ፈተና የወደቀ ጎረምሳ፤ እነዚህ ሰዎች ክፉውን ሰዓት የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ እስኪያልፍ የሚያዘገይ ነገር ሲኖር ነው። ሁለት ጓጉንቸር ያዘገያል። ቤት ውስጥ ልቡ የከበደው ሰው ካለ ቁልፉ ለጊዜው ከቤቱ ይውጣ፤ ለታመነ ሽማግሌ ይሰጥ፣ ወይም ከነአካቴው ፖሊስ ጋ ይቀመጥ። ያ ሰው ራሱ ባለፈቃዱ ቢሆንም፣ በተለይ ያኔ። ደግሞ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ጠይቁት፣ ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ።

በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጋሼ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡና ክላሹን ከራስጌያቸው አውርደው ወጡ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ለአሥር አለቃ ሰጧቸው። ልጆቹን የጋሼ ባለቤት እትዬ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። አሥር አለቃ የአፈሩ ቁልል ጋ ሄደው ካዝናውን ነቀሉ፣ ማቀባበያውን ሳቡ፣ አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ባዶ ነው» አሉ። «አልጎረሰም።»

ሁላችንም ተነፈስን። ጋሼም ተነፈሱ፤ ከእኛ ይልቅ ረዘም አድርገው። እትዬ ከጓሮው በር ላይ ቆማ ይህን አየች።

«አንተ» አለቻቸው፣ «አታውቅም ነበር እንዴ?»

ጋሼ አልመለሱም። ክላሹን በክንዳቸው ለኩት፤ ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስልካቸውን አውጥተው ለብየዳ ቤቱ ልጅ ደወሉና ቁመቱን ነገሩት። ልጁ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚገባበት ሳይጠይቃቸው አልቀረም።

«የቤት ዕቃ ነው» አሉት። «ላሜራው ወፍራም ይሁን።»